አምቦ ውሃ ስኳር ያወርዳል እንዴ?

ስኳር በሽታ ካደረብኝ ሰንበትበት ብሏል። ፈተናዬ ኬክ አይደለም፤ አምቦ፣ አክስቴ ቤት የሚቀርብልኝ ምሳ ነው። «እንጀራ እኮ ስኳር የለበትም፤ በሞቴ ጨምር!» ይሉኛል። እንጀራውም፣ ገንፎውም፣ ጭኮውም ሆድ ሲገባ ስኳር እንደሚሆን ማን ይንገራቸው? «ከከበደህ አምቦ ውሃ ያወርደዋል» ደግሞ አለ። እርግጥ ነው አምቦ ውሃ ስኳር የለውም፣ ከለስላሳ በብዙ ይሻላል። ምግቡን ያውርድ እንጂ የደም ስኳር ግን አያወርድም! እኔ እንጀራውን አንድ ብቻ አድርጌ ጎመኑን አበዛለሁ፤ ኩርፊያቸውን እችለዋለሁ።

ጾም ሲገባ ደግሞ «እንግዲያው ጹም፣ ይወርድልሃል» ባይ አይጠፋም። ይኼ ነው የሚያስፈራኝ። ኢንሱሊን ተወግቶ ባዶ ሆድ መዋል ስኳሩን ከልክ በታች ጥሎ ራስን ሊያስት ይችላል፤ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይሞክሩት። ላብና መንቀጥቀጥ ከጀመረዎት ጾም ነው ሳይሉ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ያን ጊዜ መድኃኒትዎ እሱ ነው።