በጌም እልህ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ

የ48 ዓመት ሰው በኮምፒውተር ጌም ምክንያት ሥራ አረፈደ ብላችሁ ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ሁለት ዓመት ሆነን። የ14 ዓመት ልጃችን እኔ ዘንድ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ሲመጣም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ጌሙ ላይ ይተከላል። «በላህ?» ስለው «በላሁ»፣ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስለው «ደህና»። አለቀ! እሱ የሚወደውን ነገር ብለምድ ምናልባት ያዋራኛል ብዬ «ኤልደን ሪንግ» የሚባለውን ጌም በ60 ዶላር ገዛሁ። በፈረንጆቹ 2022 የወጣ፣ በከባድነቱ ስሙ የተጠራ የጃፓኖች ጌም ነው።

እናላችሁ፣ ገና ከመነሻው ወጥቼ ሜዳው ላይ ስደርስ ወርቅ የለበሰ ፈረሰኛ ጠበቀኝ። ገደለኝ። ተነሣሁ፣ ደገመኝ። ከሥራ መልስ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ስሞት አመሻለሁ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ! 60 ዶላሩ ያንገበግበኛል፤ ደግሞ ልጄን «አቃተኝ» ማለቱን ፈራሁ። ሁለት ቀን ሥራ አረፍጄ አለቃዬ አስጠነቀቀኝ። ከሁሉ የከፋው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ቅዳሜ ማታ ልጄ «ፊልም እንይ» ሲለኝ «ትንሽ ቆይ፣ ይኼን ሰውዬ ልግደለው» አልኩት። ዞር ስል ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።

በማግስቱ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ፈረሰኛ ላይ መቆሜን ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «አባዬ፣ እሱን እኮ ሰው ዞሮት ነው የሚያልፈው! ሌላ ቦታ ሄደህ ትጠነክራለህ፣ አንተም ፈረስ ታገኛለህ፣ ከዚያ ተመልሰህ ትገጥመዋለህ» አለኝ። ቀጥሎ «ግን ጌሙን ትወደዋለህ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። «እኔ ሁለት ሰዓት ሞክሬ ካልጣመኝ እተወዋለሁ» አለ። ለካ ጌሙን የገዛሁበት ስቲም የተባለው የኢንተርኔት መደብር ከ2015 ጀምሮ፣ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ለጠየቀና ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወተ ሰው ገንዘቡን ይመልሳል። እኔ ይህን ስሰማ 30 ሰዓት አቃጥያለሁ።

ከዚያ ወዲህ እኔና ልጄ ሕግ አለን። አዲስ ጌም ስንጀምር ሰዓት እንይዛለን። ሁለት ሰዓት ሲሞላ እናቆማለን። ጥያቄው «አሸነፍኩ ወይ?» አይደለም፤ መሸነፍማ ያለ ነው። «ስሸነፍ ስህተቴ ገብቶኛል? ነገ ልመለስበት እጓጓለሁ?» ነው። አዎ ከሆነ፣ ቢከብድም አንድ ቅዳሜ እንጨምርለታለን፤ አጀማመሩ የሚንዛዛ ጥሩ ጌም አለና። መልሱ «ገንዘብ አውጥቼበታለሁ» ብቻ ከሆነ ግን ያኔውኑ ይዘጋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። በጠፋው ገንዘብ ላይ እንቅልፍንና ልጅን መጨመር ምን ይሉታል?

ኤልደን ሪንግን ተውኩት። ልጄ ይንቀኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን እሱም ጀምሮ የተዋቸውን ጌሞች አንድ በአንድ እየቆጠረ ሲያጫውተኝ አመሸ። ከእናቱ ጋር ከተለያየን ወዲህ ያን ያህል ሲያወራኝ የመጀመሪያው ነው።

እንደኔ ያላችሁ አባቶች፣ ልጃችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ሳምንት አትሙቱ።