ትከሻው የእሱ፣ ኩራቱ የእኔ

«በእጅ የተቀጠቀጠ ይበልጣል» እያልኩ ለዓመታት ተናግሬአለሁ፤ ለደንበኛም፣ ለሠራተኞቼም። ባለሞተር መዶሻ የምገዛበት ገንዘብ በእጄ በነበረ ጊዜ እንኳ «ማሽን የነካው ብረት ነፍስ የለውም» ብዬ ተውኩት። ይህን ስል መዶሻውን የማነሣው እኔ አልነበርኩም።

በቀጥቃጭ ቤት አንዱ ብረቱን በጉጠት ይዞ የሚመታበትን ቦታ በትንሽ መዶሻ ያመለክታል፤ ሌላው ባለረጅም እጀታውን መዶሻ ከራሱ በላይ አንሥቶ ያወርዳል። ጉጠቱ የእኔ ነበር። የሚመታው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ብረት ከሚቀጠቅጥ ቤት የመጣ፣ በሙያው እየተሰደበ ያደገ ሰው ነው። የብረትን ሙቀት በቀለሙ ብቻ ሲለይ ከእኔ ይልቅ የእሱ ዓይን ይታመን ነበር።

የምንሠራው በአብዛኛው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ዶማና መጥረቢያ ነበር። ባሌስትራ ብርቱካናማ ሆኖ ከእሳት ሲወጣ ይታዘዛል፤ መስፉ ላይ ሲያርፍ ግን ሙቀቱን መስፉም አየሩም ይሻሙታል። ጠቆር ወዳለ ቀይ ሲወርድ መምታት ይቆማል፤ አለዚያ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንደገና ወደ ከሰሉ። ወደ እሳት በተመለሰ ቁጥር ላዩ ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል፤ ጥንካሬ የሚሰጠው ካርቦንም ከገጹ ተቃጥሎ ይሄዳል። «የእጅ ሥራ ነው» ብዬ በኩራት የሸጥኩት መጥረቢያ ከሚገባው በላይ እሳት የበላው ነበር።

ወፍራም ብረት በቀላል ምት ሲመታ ላዩ ብቻ ይሸሻል። ጫፉ ሲታይ ዳር ዳሩ ተርፎ መሃሉ ጎድጉዶ ይገኛል። ከባድ ምት ግን እስከ ውስጡ ስለሚደርስ የጫፉ መሃል ወደ ውጭ ያብጣል። ትንሽ የሚባለው ባለሞተር መዶሻ እንኳ በደቂቃ ከ200 ጊዜ በላይ ሊመታ ይችላል፣ ያውም ሳይደክም። ይህን ሁሉ ከአንድ ሰው ትከሻ ስጠብቅ ኖሬአለሁ።

ማሽን ጨካኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ናስሚዝ የእንፋሎት መዶሻውን በወረቀት ላይ የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው፤ ለ«ግሬት ብሪተን» መርከብ የታሰበውን ግዙፍ ዘንግ የሚቀጠቅጥ ጠፍቶ። መርከቧ በመጨረሻ ሌላ ዓይነት መግፊያ ተገጠመላትና ዘንጉ ሳይሠራ ቀረ። መዶሻው ግን ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ብርጭቆ ውስጥ የቆመ እንቁላል ብርጭቆውን ሳይጎዳ ይሰነጥቅ ነበር። ዛሬም በእግር ፔዳል የሚሠራው መዶሻ እንደ እግሩ አረጋገጥ ይለዝባል፣ ይበረታል። መቼ ማለዘብ፣ መቼ ማበርታት እንዳለበት የሚያውቀው ሰው ነው።

መዶሻ የሚመታልኝ ሰው «ጋሼ፣ ማሽኑን ለምን አያስገቡትም?» ብሎኝ ነበር። ትከሻው ማመም መጀመሩን በዚያው ነገረኝ። ስንፍና መሰለኝ። አፌ አልተናገረውም፤ ፊቴ ግን ተናግሯል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄውን አልደገመውም። ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሣት እስኪያቅተው ድረስ መታ። ሲሄድ ጥቂት ብር ሰጥቼ ሸኘሁት፤ ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ማሽኑን የገዛሁት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። የሚመታ ሰው ስላጣሁ እንጂ ስላዘንኩ አልነበረም። ኮንክሪት መሠረት ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ለጆሮም ለጣትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ግን አንድ ልጅ ብቻውን ጉጠት ይዞ፣ ፔዳል ረግጦ፣ ሁለታችን ብዙ ጊዜ ወደ እሳት እየመለስን የምንስበውን ባሌስትራ በአንድ ሙቀት ሲስበው አየሁ። ልጁ የጎደለው ዓይን ነው፤ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ያን ዓይን የያዘውን ሰው ግን ትከሻውን ጨርሼ ሰድጄዋለሁ። ሙያውን ከማሽን አድናለሁ ብዬ ባለሙያውን አጣሁ። ማሽኑ ቀድሞ ቢገባ እሱ ዛሬም በሙያው ላይ ነበር።

ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እግዜር ይቅር ይበልዎት» አለኝ። ፔዳሉ ላይ እንዲቆም፣ ልጁንም እንዲያስተምርልኝ ለመንኩት፤ አስብበታለሁ አለ። ባይመጣ አልቀየመውም። የትከሻውን ሕክምና ግን፣ መጣም አልመጣም፣ እኔ እከፍላለሁ።