መስቀል በቡናው ሥር

ለከተማ ሰው ድንኳን ይዞ ተራራ ላይ ማደር ሽርሽር ነው። መቲ ዙሪያ ቡና ላለው ቤተሰብ ግን ሥራ ነው። መስቀል የሚውለው ቡናው መቅላት ሲጀምር ነው፤ የቀላ ቡና ደግሞ ከጦጣም ከሌባም ጠባቂ ይፈልጋል። ስለዚህ በዓሉ ራሱ ወደ ጫካ ይወጣል፦ እናት ጀበናና ድስት፣ አባት እግሩ የታሰረ ዶሮ፣ ልጆች ችቦ ይዘው። ሸራ በለበሰችው ጎጆ ደጅ ትንሽ ደመራ ይለኮሳል። መስከረም እዚያ ገና ዝናብ ነው፤ እንጨቱ እስኪያያዝ ጭሱ ሁሉንም ያስለቅሳል (ልጆቹ ይህንንም ይወዱታል)።

ጫካው ግን የብቻቸው አይደለም። ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ የማጃንግ ንብ አርቢ ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የማጃንግ ደንም ይኸው አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2007 ዓ.ም. መስከረም፣ በማጃንግና ከሌላ አካባቢ መጥተው በሰፈሩ ነዋሪዎች መካከል በተነሳ ግጭት ሰው ሞቷል፣ ብዙዎች ተፈናቅለዋል። ከጀርባው የመሬት ጥያቄ ነበረበት።

ስለ ቱሪዝም የሚያወሩ ሹማምንት መጀመሪያ እዚህ ላይ ይምጡ። ወሰን የሚለየው ቡናው ቀልቶ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ ጫካ ከገባ በኋላ መሆን የለበትም። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ወገን ተጠርተው በክረምቱ ይነጋገሩበት።