የትምህርት ቤታችን ደወል

ቡታጅራ ባቡር ደርሶባት አያውቅም፤ ወልቂጤም እንደዚያው። እኔ ግን የሐዲድ ድምፅ በየቀኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

የተማርኩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ከቅርንጫፉ ላይ በወፍራም ሽቦ የታሰረ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን ብረት ተንጠልጥሏል። ዘበኛው በመዶሻ ሲመቱት ድምፁ ገበያው ድረስ ይሰማል፤ ያረፈደ ተማሪ ከዚያ ጀምሮ ይሮጣል። የብረቱ ቅርጽ ግራ ያጋባን ነበር። ራሱ ወፈር ያለ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ እግሩ ጠፍጣፋ። ወገቡ ላይ ዝገት የበላቸው የፈረንጅ ፊደላት ጎበጥ ጎበጥ ብለው ይታያሉ። አንድ የክፍላችን ልጅ "የጣልያን ቦምብ ስባሪ ነው፤ አንድ ቀን ይፈነዳል" ብሎን ስለነበር ከሥሩ ስናልፍ ፈጠን እንል ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ "ወላጅ አምጣ" ተባልኩ (ምክንያቱ አሁን አይነሣ)። አባቴን ስለፈራሁ አያቴን ለምኜ ወሰድኳቸው። የመምህሩን ክስ ሰምተው ሲወጡ ሾላው ሥር ቆም አሉ። ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ በከዘራቸው ጫፍም ነካ አደረጉት።

"ይሄማ ሐዲድ ነው" አሉ። "ለገሃር ስንት ዘመን ረግጬዋለሁ! እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?"

ያን ቀን ከግሳጼ ተረፍኩ። ቤት እስክንደርስ ወሬው ሁሉ ለገሃር ሆነ።

አያቴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የገቡት በእግራቸው ነው። ዛሬ በሚኒባስ ከ130 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ መንገድ ነው፤ ያኔ ጭቃና ወንዝ ነበር። መጀመሪያ ያገኙት ሥራ ለገሃር ኩሊነት ሲሆን መሣሪያቸው ገመድና ጆንያ ነበር። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ሲቃረብ ሐዲዱ ቀድሞ ይናገራል ይሉ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ የነካው ኩሊ ፊሽካው ሳይሰማ ቦታውን ይይዛል። ሰውንም ከነሸክሙ ያውቁታል። "ጨርቅ የያዘ ሻንጣውን አያምንህም፤ ብርቱካን የያዘ ግን ራሱ ይጠራሃል" ይሉ ነበር።

በነገራችን ላይ "ላ ጋር" በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። "ለገሃር ባቡር ጣቢያ" ስንል "ጣቢያው ባቡር ጣቢያ" እያልን ነው፤ እስከ ዛሬ ቅር ያለው ሰው ግን አላየሁም።

የቀረውን ካደግሁ በኋላ አነበብኩት (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ሐረርን ከነተራራዋ ትቶ ቆላው ላይ ደረሰ፤ በደረሰበትም ድሬዳዋ በቀለች። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተቋቋመ፣ አዲስ አበባ እስኪገባ 1917 ሆነ። የለገሃር ሕንጻ የተመረቀው በ1929 ነው። ከፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ጣልያን ወደ ሮም ወስዶት ነበር፤ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። ብሔራዊ ቲያትር ፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ይህን ማንሣቴ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1936 ወደ ስደት የሄዱት በዚህ መስመር ነው። በጥር 1985 አዋሽ ላይ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀውም በዚሁ መስመር ነው። አያቴ ስለዚያ አደጋ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይሩ ነበር።

እኛ ጋ ሐዲድ ባይመጣም እጁን አጣጥፎ የጠበቀ የለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከጉራጌዎቹ መካከል ክስታኔዎቹ ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ የሚወርደውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ፤ ሰባት ቤቶችም በበኩላቸው የራሳቸውን። መርካቶ ያለ ነጋዴም ሆነ ሊስትሮ እንደ አቅሙ ከፈለ። ምሁሩ ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 ለንደን ላይ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በዚሁ በዓለም ገናው የመንገድ ማኅበር ላይ ነው። አያቴ ሳጥናቸው ውስጥ ከእናታቸው መቁጠሪያ ጋር ያስቀመጧት፣ አራት ቦታ የታጠፈች የመዋጮ ደረሰኝ ነበረች። ገንዘቡ የኩሊነት ነው። ከለገሃር ትከሻ ላይ የወረደ ጓዝ ቡታጅራ መንገድ ላይ ጠጠር ሆኖ ተነጠፈ ማለት ነው።

አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ የቀረው በ2000ዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። በ2016 አዲሱ የጅቡቲ መስመር ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2018 ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ አንዱ ለሌላው አይሆንም። የመንገደኛው ጣቢያም ከመሀል ከተማ ወጥቶ ፉሪ ለቡ ሄደ። ከባቡር ወርዶ በእግሩ ብሔራዊ ቲያትር የሚደርስ ሰው አሁን የለም፤ የሱን ጓዝ የሚሸከምም የለም። የለገሃር ግቢና አካባቢው ከ2018 ወዲህ የአቡዳቢው ኢግል ሂልስ ግንባታ ውስጥ ገብቷል፣ 36 ሄክታር ነው። አሮጌው ሕንጻ በቅርስነት ይጠበቃል መባሉ ደግ ነው። ግን አያቴ ሕንጻው ውስጥ የገቡበትን ቀን አላስታውስም ብለውኛል። የሳቸው ጣቢያ ውጭ ነበር፣ ደጁ ላይ።

ሐዲድ ከባቡሩ በኋላ ብዙ ዕድሜ አለው። ድሬዳዋ አካባቢ የአጥር ቋሚ ሆኖ አይቼዋለሁ። ቀጥቃጭ ቤት መስፍ ይሆናል። ምናለሽ ተራ ተቆርጦ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ቆራጩ ነው። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው 117 ኪሎ ሜትር መስመር፣ ሠላሳ ያህል ዋሻ የተቦረቦረለት፣ በ1970ዎቹ ጦርነት ሲቋረጥ ሐዲዱ ተነቅሎ የምሽግ ጣሪያ ሆነ። ከኤርትራ ነጻነት በኋላ ደግሞ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ከየምሽጉ ለቅመው መለሱት። ሐዲድ ሄዶ ሄዶ ሐዲድ የሆነበት ቦታ ብዙ አይገኝም።

አምና ለሥራ ኮምቦልቻ ሄጄ ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልዲያ፣ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው መስመር የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ሥራ ነው። ውሉ በ2012 ተፈረመ፣ ግንባታው በ2015 ተጀመረ። ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ተራራውን የበሱት ዋሻዎች ብቻ ደርዘን ያህል ናቸው። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ገባ። መደበኛ ባቡር እስካሁን አልሄደበትም።

አንዱ ዋሻ አፍ ላይ ፍየሎች ጥላ ይዘው ተኝተዋል። ሲሚንቶው ንጹሕ ነው፤ ጣሪያው ጭስ አልነካውም ልል ነበር፣ መስመሩ የኤሌክትሪክ መሆኑ ትዝ አለኝ። እረኛው አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ወደ ውስጥ የራሱን ስም ይጮሃል፣ ይጠብቃል፣ ስሙ ሲመለስ ይስቃል።

"ባቡር አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"በስልክ።"

ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ አናቱ እንደ መስታወት ያበራል። ይኼኛው ከራስ እስከ እግሩ ቡናማ ነበር። ጎንበስ ብዬ መዳፌን አሳረፍኩበት፤ ፀሐይ አግሎታል። ልጁ ምን እንደማደርግ ገርሞት እሱም እጁን ከእጄ አጠገብ አስቀመጠ። ሁለታችንም ትንሽ ቆየን። ከዚያ አንዷ ፍየል ተነሥታ ሄደችና እሷን ተከትሎ ሮጠ።

የለገሃር ሐዲድ ቢያንስ ሞቶ ደወል ሆኗል። የኮምቦልቻው ገና ምንም አልሆነም፤ እኔን የከነከነኝ ይህ ነው።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ትምህርት ቤቴ ጎራ አልኩ። ሾላው ተቆርጧል፤ ብረቱ ግን ከሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ መሀል ተንጠልጥሎ አለ። ፊደላቱን ልለያቸው ሞከርኩ፣ ዝገቱ ጨርሷቸዋል። አዲሱ ዘበኛ ወጣት ነው። ታሪኩን ስነግረው መዶሻውን አቀበለኝ።

"አንዴ ብቻ" አለኝ፤ "ቀስ አድርገህ።"

ቀስ አላደረግኩም መሰለኝ። የሁለተኛ ክፍል በር ተበርግዶ ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ፣ ሌላውም ክፍል ተከተለ፣ አንዲት መምህርት ጠመኔዋን እንደያዘች ደጅ ላይ ቆማ ወደ እኛ አየች። ዘበኛው መዶሻውን ከእጄ ነጥቆ ከጀርባው ደበቀ።