ቫርኒሽ አይሸፍንም

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከእጅ ሥራህ አንድ ነገር ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ፣ ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር በተማሪዎች ኤግዚቢሽን ላይ ስለ ቀረበው ትንሽ አይሮፕላን እንድጽፍ መፈለጋቸውን ዐወቅሁ። እኔ ግን ከአይሮፕላኑ ይልቅ በላዩ ስለ ተቀባው ቫርኒሽ ልጽፍ ወድጃለሁ። ቫርኒሽ መልክ የሌለው ነገር ስለ ሆነ ተመልካች ልብ አይለውም። ለእኔ ግን አንድ የማልረሳው ትምህርት ሰጥቶኛልና ውድ አንባቢዎቼ በትዕግሥት እንድትከተሉኝ እለምናለሁ።

አጎቴ ለዕረፍት ከዋሽንግተን ሲመጣ፣ ክፍሎቹ እየተገጣጠሙ የሚሠራ የፕላስቲክ አይሮፕላን በካርቶን አመጣልኝ። ዓይነቱ ሲ-47 የሚባለው ሲሆን መጠኑ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ነው፤ የእኔው ግን 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚህ ዓይነት አይሮፕላን ነው። ስለዚህ እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ የአየር መንገዳችንን ስም ጽፈንበት ለኤግዚቢሽኑ ልናቀርበው ተስማማን።

ሥራውንም ተከፋፈልን። ማጣበቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ቀለም መቀባት የእኔ ድርሻ ሆነ። ጽሑፉንና ሰንደቅ ዓላማውን በልዩ ወረቀት ላይ አትሞ መለጠፍ ደግሞ የጓደኛዬ ሆነ። ይህ ወረቀት ውኃ ሲነካው በላዩ ያለው ስስ ሽፋን ከነጽሑፉ ተንሸራቶ ይለቃል፤ ያን ጊዜ በአይሮፕላኑ ላይ ይለጠፋል። ይሁን እንጂ የእኛ ማተሚያ ቀለም በውኃ የሚሟሟ ስለ ነበረ፣ የታተመው ወረቀት አስቀድሞ ቫርኒሽ ካልተነፋበት ይፈሳል። ጓደኛዬ ይህን ሳያውቅ የመጀመሪያውን ወረቀት ውኃ ውስጥ ቢያስገባው፣ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ በሳህኑ ውስጥ ተደባልቀው ጭቃ መሰሉ። ሁለታችንም ሳቅን። የቫርኒሽን ጥቅም መጀመሪያ ያየነው ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለእኔ ብቻ ደረሰኝ። ፕላስቲኩን በሳሙና ሳላጥበው ቀለም ቀባሁትና የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ነፋሁበት። ሲደርቅ በክንፉ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ከነመስመሩ ታየ። ቫርኒሽ ጉድለትን ይሸፍናል ብዬ ዐስቤ ነበር፤ እርሱ ግን ጭራሽ አጉልቶ አሳየው። አሻራውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ አጥቤ፣ እንደገና ቀባሁት።

ስለ ቫርኒሽ ምርጫም ጥቂት ልበል። የሚያብለጨልጭና የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሥራቸው የተለያየ ነው። የማያብለጨልጨው በውስጡ እጅግ የደቀቀ ዱቄት አለበት፤ ዱቄቱ ላዩን ሸካራ አድርጎ ብርሃኑን ስለሚበታትነው መልኩ ፈዘዝ ይላል። ተለጣፊ ጽሑፍ በእንዲህ ያለ ሸካራ ላይ ቢለጠፍ፣ በሥሩ አየር ይቀርና እንደ ብር እየነጣ ይታያል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚያብለጨልጨው ይነፋል፤ ላዩ እንደ መስተዋት ሲለሰልስ ጽሑፉ ይለጠፋል፤ ጽሑፉ ሲደርቅም በቫርኒሽ ይታተማል፤ በመጨረሻ የተፈለገው ዓይነት ይነፋል። እኛ ለመጨረሻው የመረጥነው የማያብለጨልጨውን ነበር። ትልቅ አይሮፕላን ከሩቅ ሲታይ ብልጭታው ይቀንሳልና፣ ትንሹም እጅግ ካብለጨለጨ መጫወቻ ይመስላል።

ደግሞም ቫርኒሹ ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር መስማማት አለበት። በኃይለኛ ቲነር የተበጠበጠ ቫርኒሽ በዘይት ቀለም ላይ ቢነፋ ቀለሙን አኮማትሮ እንደ ሽማግሌ ፊት ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ እኔ ሁሉን አስቀድሜ በአሮጌ የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ እሞክረው ነበር። የሚነፋውም ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ እጅን ሳያቆሙ፣ ስስ ስስ እያደረጉ ነው። ጭስ መሰል ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ነው፤ እሳትም ይወድዳል። በዚህ ምክንያት እናቴ ቡና በምታፈላበት ከሰል አጠገብ አንድ ቀንም አልነፋሁም። በረንዳ ላይ አፍንጫዬን በጭንብል ሸፍኜ እሠራ ነበር።

ይህን ሁሉ ዐውቅ ነበር። ዕውቀት ያለ ትዕግሥት ምን እንደሚሆን ግን ገና አላየሁም ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት ሊከፈት፣ ሐሙስ ማታ የቀረው የመጨረሻው ቫርኒሽ ብቻ ነበር። ጓደኛዬ አይሮፕላኑን ሲሰጠኝ «ዝናቡ እስኪያባራ ቆይ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ቸኮልሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ በረንዳ ላይ ቆሜ፣ ያውም ወፈር አድርጌ ነፋሁበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው። ዐርብ ጧት ስነሣ አይሮፕላኑ አመዳይ የወረደበት ማሳ መስሎ ነጥቷል። ጓደኛዬ ሦስት ሳምንት የደከመበት ጽሑፍ በነጭ ጉም ውስጥ ጠፍቷል።

ትምህርት ቤት ስደርስ ጓደኛዬ «እንዴት ሆነ?» ሲል ጠየቀኝ። እንዴት እንደ ወጣኝ አላውቅም፤ «ተለጣፊው ነው መሰለኝ፤ ነጥቷል» አልሁት። ቢቈጣኝ ይሻል ነበር። እርሱ ግን አንገቱን ደፋና «ይቅርታ አድርግልኝ። ወረቀቱን ደኅና አድርጌ ሳላትመው ቀርቼ ይሆናል። ማታ እንደገና እሠራዋለሁ» አለኝ። የቀረው ወረቀት አንድ ብቻ እንደ ነበረና ለማተሚያው የሚከፍለውም ከምሳው ገንዘብ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ያን ቀን በክፍል ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ መምህራችን ያስተማሩትን አንድም ቃል አልሰማሁም።

ከትምህርት በኋላ አይሮፕላኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሰፈራችን አናጢ ሄድሁ። እርሳቸው ብዙ ዘመን ቁም ሣጥንና አልጋ ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ብርሃን አዙረው አዩትና «በዝናብ ነው የነፋኸው?» አሉኝ። «አዎን፣ ጋሼ» አልሁ። ለሰው ያልነገርሁትን እርሳቸው ከቫርኒሹ ላይ አነበቡት።

ምክንያቱንም አስረዱኝ። «ሐኪም ቤት መርፌ ከመወጋትህ በፊት አልኮል ሲቀቡህ አይቀዘቅዝህም? ቲነርም ሲተን የተቀባውን ነገር እንዲሁ ያቀዘቅዘዋል። አየሩ ርጥብ ከሆነ በቀዘቀዘው ላይ ጤዛ ይወርዳል፤ ጤዛው ቫርኒሹ ውስጥ ሲታሰር ይነጣል። ቀለምህም ጽሑፉም ደኅና ናቸው። ፀሐይ ሲወጣ የሚያብለጨልጨውን ንፋበት፤ የታችኛውን አለስልሶ ጤዛውን ይለቅልሃል» አሉኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ቫርኒሽ አይሸፍንም፤ ያሳያል እንጂ» አሉ። ስለ እንጨት መናገራቸው ነበር። እኔ ግን ስለ እኔ የተናገሩ መስሎኝ ፊቴ ጋለ።

ከዚያ ወደ ቤቴ አልተመለስሁም፤ በቀጥታ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድሁ። ጠረጴዛው ላይ የመጨረሻውን ወረቀት ዘርግቶ አገኘሁት። ገና አላተመበትም። «አታትም» አልሁት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። በዝናብ ነፍቼው ነው። ይህንም ጧት ስነግርህ ዐውቅ ነበር።» ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላ «ስለ ቫርኒሹ ግድ የለኝም፤ ለምን ዋሸኸኝ?» አለኝ። የምመልሰው ስላልነበረኝ «አፈርሁ» ብቻ አልሁት። እናቱ ራት ሲያቀርቡ «ና፣ ቅረብ» ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ሙሉ በሙሉ ይቅር እንዳላለኝ ዐውቄአለሁ፤ ሆኖም አላባረረኝም።

ቅዳሜ ጧት እንደ ሰኔ ጧት ሁሉ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። በ4 ሰዓት ግድግዳው ሞቅ ሲል ሁለታችንም በረንዳው ላይ ቆምን። መጀመሪያ የሚያብለጨልጨውን ነፋሁ። ነጩ ጉም ቀስ እያለ ሲጠፋ፣ ከሥሩ «የኢትዮጵያ አየር መንገድ» የሚለው ጽሑፍ ፊደል በፊደል ወጣ። ጓደኛዬ ሳያስበው እጄን ያዘኝ። ሲደርቅ የማያብለጨልጨውን ቆርቆሮ ዱቄቱ ከሥሩ እስኪነሣ ደኅና አድርጌ በጠበጥሁትና አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጅግ ስስ አድርጌ አለፍሁበት። በጅራቱ ሥር ግን የጥፍር ስፋት ያህል ነጭ ነገር አልለቅ አለ። ጊዜም ስላልነበረን እንዲሁ ተውነው።

በኤግዚቢሽኑ ላይ አንድ ወላጅ ጐንበስ ብለው ሲመለከቱ ቆዩና «ይህ በጅራቱ ያለው ነጭ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጓደኛዬ ወደ እኔ ተመለከተ። «በዝናብ ቫርኒሽ የነፋሁበት ምልክት ነው፤ የእኔ ስሕተት ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ ዐርብ ጧት ግን ተራራ ሆኖብኝ ነበር።

አይሮፕላኑ ዛሬ በጓደኛዬ ቤት መደርደሪያ ላይ ይገኛል። እንዲወስደው የለመንሁት እኔ ነኝ። ነጩን ምልክት ላጠፋው ብችልም እርሱ «ተወው፤ ይቆይ» ብሎኛል። እቤቱ በሄድሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚያች ምልክት ላይ ነው።