የሕፃን ልብስ ቀለም

ባለፈው እሑድ የአንድ ዓመት ሴት ልጃችንን የታላቅ ወንድሟን ሰማያዊ ሹራብ አልብሰን ወደ ዘመድ ቤት ስንሄድ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ከአጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ራሷን እየዳበሱ፣ «እደግ ጐበዝ! አገር የሚያኮራ ያድርግህ» ብለው መረቋት። ሴት መሆኗን በትሕትና ብንነግራቸው ፈገግ አሉና፣ «እደጊ ቆንጆዬ! ደኅና ባል ይስጥሽ» አሉ። ልጅቱም ያችው፣ ሹራቡም ያው ሲሆን፣ ምርቃቱ ግን ከአገር ወደ ጓዳ ገባ።

አዛውንቱን አንወቅሳቸውም። በቋንቋችን «አንተ» ወይም «አንቺ» ሳይሉ ሕፃን ማነጋገር አይቻልምና ዓይን አስቀድሞ ምልክት ይፈልጋል። ነገር ግን ቀለም የሚታመን ምልክት አይደለም። በ1918 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የሕፃናት ልብስ ነጋዴዎች መጽሔት፣ ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም ስለ ሆነ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለስለስ ያለ ስለ ሆነ ለሴት ይገባል ሲል ጽፎ ነበር። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም በ1884 እ.ኤ.አ. በሕፃንነታቸው በተነሡት ፎቶግራፍ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ይታያሉ፤ ይህም በዘመኑ ለወንድ ሕፃን የተለመደ ልብስ ነበር። እንግዲህ ዛሬ የሴት የምንለው ቀለም ትናንት የወንድ ነበረ።

እኛም ራሳችን በዚያ ቀን ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ሰው ዳግመኛ እንዳይሳሳትባት ሮዝ ሹራብ ልንገዛላት አስበን ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያውን ምርቃት ልናስቀርባት ስላልወደድን፣ ሐሳቡን ትተን ሰማያዊውን እስኪጠባት ድረስ እናለብሳታለን።