ሐረር ስንደርስ የትኛው ክፍል ይሻለናል?



ቤተሰቡን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐረር የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው «የት እንደር?» የሚለው ነው። ከግንቡ ውጭ ሆቴሎች አሉ፤ ጁገል ውስጥ ደግሞ እንግዳ የሚቀበሉ የሐረሪ ቤቶች አሉ። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ምርጫው ግን በዚያ አላበቃም።

ከአዲስ አበባ የተነሳነው እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እኔ ነበርን። ምክንያታችን በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው የሸዋሊድ በዓል ነበር። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል፤ ጉልበቷንም ያማታል። «ሐረርን ሳላይ አልሙት» ስትል ብዙ ዓመት ሰምቻታለሁ።

ፈረስ መጋላ ላይ ከባጃጅ ወርደን፣ የስፌት መኪና ድምፅ ስሙን በሰጠው በመኪና ግርግር በኩል ወደ ጊደር መጋላ አቀናን። ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ሻንጣውን በትከሻችን ተሸከምን።

የሐረሪ ቤት ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ትልቁ ክፍል ከፍና ዝቅ ባሉ አምስት መደቦች የተከፈለ ሲሆን እነርሱን ነደባ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ነደባ የየራሱ ስምና ተቀማጭ አለው። ግድግዳውን ያሸበረቁ ስፌቶች ሞልተውታል። በጎን በኩል ኪርተት የምትባል፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ጠባብ ክፍል አለች፤ በጥንቱ ልማድ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀኖቻቸውን የሚያሳልፉት በእሷ ውስጥ ነው። በእንጨት ደረጃ የሚወጣበት ፎቅ ደግሞ ቃላ ይባላል፤ ዱሮ ዕቃ ይቀመጥበት ነበር፤ ዛሬ መኝታ ሆኗል። እኛ ባረፍንበት ቤት መታጠቢያውና መጸዳጃው ግቢው ውስጥ ነበር፤ ለእንግዳው ሁሉ የጋራ ነው።

ባለቤቴ ኪርተትን ለእናቴ አሰበች። እኔ ግን «እናቴማ ከሁላችንም በላይ ትሁን» ብዬ ቃላውን ሰጠኋት። መስኮት አለው፤ ነፋስ ይገባዋል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ክብር በከፍታ የሚገኝ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴና ሴት ልጄ ኪርተት ገቡ፤ እኔና ወንዱ ልጄ ነደባው ላይ አረፍን።

በ48 ሄክታር ላይ 82 መስጊዶች በሚገኙባት ጁገል የሱብሒ አዛን ከየአቅጣጫው ይሰማል። እኔ ግን በመንገድ ድካም አንዱንም አልሰማሁም። ስነቃ ሊነጋጋ ነው። ቀና ስል እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ውዱእ ለማድረግ ከአዛኑ በፊት ተነስታ፣ ቁልቁል ስታይ ፈርታ ቀርታለች።

«እማ፣ ለምን አልጠራሽኝም?»

«ደክሞሃል ልጄ፤ ልጆቹም ይነቃሉ ብዬ ነው።»

ደግፌ አወረድኳት። ፀሐይ ሳትወጣ ለጥቂት ደረሰች። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም፤ የከበደኝም እሱ ነው።

ከቁርስ በኋላ ኪርተት ለእናቴ ተለቀቀች። የቤቱ እመቤት «እንግዲህ ሙሽራ ሆኑ!» ብትላት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። በቀሩት ሌሊቶች ማንንም ሳትቀሰቅስ ተነስታ ሰገደች።

ወንድሞችና እህቶች፣ ክፍል ስትመርጡ ቀድማችሁ የምታስቡት ከመካከላችሁ ደካማ የሆነውን ሰው ይሁን። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከመኝታው እስከ ውሃው ድረስ ራሳችሁ ሂዱበት፤ ደረጃውን ቁጠሩ፤ ሌሊት መብራት መኖሩን፣ በርሜሉ ውሃ መያዙን፣ ሴቶች ያለ ሰው ዐይን የሚታጠቡበት መሆኑን ጠይቁ። ቃላ ጉልበት ላላቸው ወጣቶች ይስማማል። ኪርተት ለአዛውንት ትመቻለች፤ ሆኖም ነፋስ ስለማይበዛባት አስም ላለበት ሰው አትሆንም። ሌሊት ደጋግሞ ለሚነሳ በሽተኛ ደግሞ ከግንቡ ውጭ፣ መታጠቢያው ከክፍሉ ጋር የተያያዘ ሆቴል ይሻላል፤ ጁገልን ቀን ቀን መጎብኘት ይቻላል።

አላህ ጉዟችንን የሰላም፣ ለወላጆቻችንም የምናስብበት ያድርግልን። ኣሚን።